«ሊመልሱኝ ነው» ብሎ ሲደውል፦ በግዳጅ መመለስን ለማስቆም ከድሬዳዋ ሆናችሁ የምትሠሩት ሥራ

ድሬ ውስጥ ታህሪብ (በሕገ ወጥ መንገድ ስደት) የወጣ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ። ከመጋላ እስከ ሳቢያን፣ ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ፣ አንዱ ጅቡቲ ነው፣ አንዷ ሪያድ ናት፣ ሌላው ጀርመን ካምፕ ውስጥ ኬዙን ይጠብቃል። ሐረርም ያው ነው። ስልኩ ሲመጣ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። «ያዙኝ፣ ሊመልሱኝ ነው» ይላል፣ ኢሞው ይቆራረጣል፣ በቃ። ቤቱ ወዲያው ለቅሶ ቤት ይመስላል። አንዱ ጎረቤት «ብር ላኩለት» ይላል፣ ሌላው «ኤምባሲ ደውሉ» ይላል። ሁለቱም ለመርዳት ነው። ሁለተኛው ምክር ግን አንዳንዴ ልጁን ገደል ይከተዋል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ይሄ ጽሑፍ እንዲህ ዓይነት ስልክ ለሚመጣላቸው ቤተሰቦች ነው። ጠበቃን አይተካም። ጠበቃ እስኪገኝ ያለውን ጊዜ ግን እንዳታባክኑ ይረዳችኋል፤ ጠበቃው ሲገኝም ባዶ እጃችሁን አትቀርቡትም።

1. መጀመሪያ፦ ልጁን የሚጠብቀው ሕግ የትኛው ነው?

ዋናው እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት ነው። አንቀጽ 33 ላይ ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስ ክልክል ነው ይላል፣ በየትኛውም መንገድ። በአውሮፕላን ይሁን፣ ከድንበር ገፍቶ ይሁን፣ ባሕር ላይ ይዞ ይሁን ለውጥ የለውም። አደጋው ግን ከ5 ምክንያቶች በአንዱ የመጣ መሆን አለበት፦ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ ወይም የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆን። የመጨረሻዋ ሰፋ ትላለች። ግርዛትን ወይም ያለ ፍላጎት መዳርን ሸሽተው የወጡ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚያመለክቱት በእሷ በኩል ነው።

አፍሪካ ውስጥ ከሆነ የተያዘው፣ እዚሁ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1969 የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት አለ። ይሄኛው ለጋስ ነው። ወረራን ወይም የአካባቢውን ጸጥታ ክፉኛ ያናጋ ነገርን ሸሽቶ የወጣ ሰውም ስደተኛ ነው ይላል። «አንተን በስምህ ፈልገውሃል ወይ?» ብሎ አያፋጥጥም። ከድንበር ላይ መመለስንም በስም ጠርቶ ይከለክላል።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. የ1984 የፀረ ማሰቃየት ስምምነት ነው። ሰው ሊሰቃይ እንደሚችል የሚያሳምን ምክንያት ካለ ወደዚያ መላክ አይቻልም። የ1951ዱ ስምምነት ለሀገር ደኅንነት አስጊ ነው የተባለን ሰው ከጥበቃው ሊያስወጣ ይችላል፣ ይሄኛው ግን ወንጀለኛም ቢሆን ወደ ማሰቃያ ቤት ላኩት አይልም። ስለዚህ ልጁ እዚያ ሀገር ወንጀል ተገኝቶበት ታስሮ የነበረ ቢሆን እንኳ «አበቃለት» ብላችሁ እጃችሁን አታጣጥፉ።

አሁን መራራውን ልንገራችሁ። ድህነት ብቻውን ጥገኝነት አያሰጥም። ቢሆንም ብዙ ልጆች «ለምን ወጣህ?» ሲባሉ «ለሥራ» የሚሉት እውነቱ እሱ ብቻ ስለሆነ አይደለም። ይቀላል፣ አያሳፍርም። ከኋላው እስር ሊኖር ይችላል፣ ድብደባ፣ የተቃጠለ ሱቅ፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ለእናቷም የማትነግረው ነገር። በእርጋታ ጠይቁ፤ የሚጠይቀው ደግሞ አባት ባይሆን ይሻላል። እህት ወይም የልብ ጓደኛ ለብቻው ያናግር።

2. መስመሩ ሲገኝ የሚጠየቀው

ለቅሶውን አቆዩት። ክሬዲቱ ሳያልቅ፣ ጠባቂው ስልኩን ሳይቀማው እነዚህን እወቁ፦ የት ከተማ ነው፣ የታሰረበት ቦታ ስሙ ማነው፣ ወረቀት ሰጥተውታል ወይ፣ ወረቀቱ ላይ የፋይል ቁጥር አለ ወይ፣ ጠበቃ አለው ወይ፣ የጣት አሻራ የት የት ሰጥቷል።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይላክ። ሙሉ ገጹን፣ ጀርባውንም ጭምር። ልጆቻችን የፊቱን ብቻ ነው የሚልኩት፣ ይግባኝ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚባል የተጻፈው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ሳምንት ብቻ የሚሰጡ ሀገሮች አሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ወረቀቱ ከተሰጠበት ጊዜ ስለሆነ ፖስታውንም አይጣለው።

አሻራውን የምጠይቀው ለምን መሰላችሁ? አውሮፓ ውስጥ «ሊመልሱኝ ነው» የሚል ሁሉ ወደ ቦሌ አይመለስም። ጣሊያን አሻራ ሰጥቶ ጀርመን የተያዘ ልጅ የሚላከው ወደ ጣሊያን ሊሆን ይችላል። ይሄ ሌላ ኬዝ ነው፣ ክርክሩም ሌላ ነው። ወዴት ነው የሚመልሱህ ብላችሁ ሳትጠይቁ ድንኳን አትትከሉ።

3. ፍርሃቱን ለባለሥልጣን ይናገር፣ ይመዝገብ

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ። ልጁ በራሱ አፍ «ሀገሬ ብመለስ ጉዳት ይደርስብኛል፣ ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ማለት አለበት። ለድንበር ፖሊስ፣ ለእስር ቤት ጠባቂ፣ ለዳኛ፣ ለሐኪም፣ ለማንም ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው። በሚችለው ቋንቋ ይበለው። ከዚያ ያለበትን ቀንና ሰዓት፣ የነገረውን ሰውዬ ስም ወይም የደረት ቁጥር ይያዝ። አልሰማም ካሉት ወረቀት ላይ ይጻፈው፣ ፎቶ ያንሳው፣ ለእናንተ ይላከው፣ ወረቀቱን ለእነሱ ይስጥ።

አሜሪካ ውስጥ ይሄ ቁልፍ ነው። ድንበር ላይ ተይዞ በፈጣኑ ሥርዓት ሊባረር ያለ ሰው ፍርሃቱን ካልተናገረ የፍርሃት ኢንተርቪው የሚባለው አይደረግለትም፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ሊመልሱት ይችላሉ። አስቀድሞ የገባ ከሆነ ደግሞ የጥገኝነት ማመልከቻው በመርህ ደረጃ ከገባ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ዓመቱ ያለፈበት ሰውም ከመመለስ የሚጠብቁት ሌሎች መንገዶች ስላሉ «ጊዜው አልፏል» ያለውን ሁሉ አትመኑ።

ባሕር ላይ የሆነ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጣሊያን መርከቦች ከሊቢያ የመጡ ጀልባዎችን ይዘው ሰዎቹን ትሪፖሊ ወስደው አስረከቧቸው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቋቸውም። ከመካከላቸው 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጣሊያን «ጥገኝነት አልጠየቁም» ብላ ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ በ2012 አልተቀበላትም፤ አለመጠየቃቸው ከኃላፊነት አያድንሽም አላት። ደስ ይላል። ግን አስቡት፣ ሰዎቹ የተመለሱት ፍርዱ ከመምጣቱ 3 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ይናገር።

ቪዛ ሳይኖረው መግባቱም አያስፈራው። የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 31፣ ከአደጋው በቀጥታ መጥቶ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ያሳወቀ ስደተኛ በሕገ ወጥ መንገድ በመግባቱ አይቀጣም ይላል። «ሳይዘገይ» የምትለዋን አስምሩባት።

4. ታሪኩን ጻፉት፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር

የኛ ልጆች ኬዝ የሚወድቀው ውሸታም ስለሆኑ አይደለም፣ በዘመን አቆጣጠር ነው ብል አላጋነንኩም። ልጁ «በ2012 ነው የታሰርኩት» ይላል። አስተርጓሚው እንዳለ ይተረጉመዋል። ጠያቂው 2012 ብሎ ይጽፋል፣ ማለትም በኛ 2004። ሁለተኛው ኢንተርቪው ላይ ሌላ አስተርጓሚ ይመጣና አስልቶ 2020 ይለዋል። እንግዲህ በፋይሉ ላይ ያ ልጅ የታሰረበትን ዓመት የማያውቅ ሰው ሆነ። ውድቅ ያደረገውን ወረቀት ስታነቡ «እርስ በርሱ የሚጋጭ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ፣ ግጭቱ የመጣው ከካላንደሩ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሆናችሁ አንድ ገጽ አዘጋጁለት። በግራ በኩል የኛን ቀን፣ በቀኝ የእነሱን። ሐምሌ 3 ቀን 2012 ካላችሁ በቀኝ ጁላይ 10 ቀን 2020 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8። ሰዓቱንም አትርሱ፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወሰዱኝ» ያለው ልጅ በእነሱ ሰዓት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ቀኑን በቁጥር የማያስታውስ ከሆነ በሚያስታውሰው ነገር ይያዝ። ድሬ ልጅ «የደቻቱ ጎርፍ ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ» ይላል። ጥሩ ነው፣ ግን እዚያ ያለው ጠያቂ ደቻቱን አያውቅም። ጎርፉ የ1998 ሐምሌ መጨረሻ መሆኑን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦገስት 2006 መሆኑን ጻፉለት። በእርግጠኝነት የማያውቀውን ቀን ደግሞ «አላስታውስም፣ ክረምት ነበር» ይበል። መገመት ነው የሚገድለው።

ስምም እንደዚሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የፊደል አጻጻፍ ከቀበሌ መታወቂያው ይለያል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ «አንድ ሰው ነው» ብላችሁ ዘርዝሩ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የድሬ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማሊኛውን ቀላቅሎ ነው የሚያወራው። ሐረር ጀጎል ያደገው ደግሞ ሐረሪኛ ይጨምርበታል። ቅጹ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ስላለ ብቻ የአማርኛ አስተርጓሚ ይመድቡለታል። በደንብ የሚያስብበትን ቋንቋ የመጠየቅ መብት አለው። ካልተግባባ እዚያው፣ ኢንተርቪው ሳያልቅ ይናገር። «አቦ ይለፍ» ብሎ ዝም ካለ በኋላ ማስተካከል ጭንቅ ነው። መጨረሻ ላይ ቃሉ እንዲነበብለት ይጠይቅ፣ ሳይነበብለት አይፈርም።

5. ማስረጃ ከዚህ መላክ

ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ታክሞ ከነበረ የካርድ ቁጥሩን ፈልጉ፣ የሕክምና ማስረጃ ጠይቁ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ከነበረ የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ የትእዛዙን ግልባጭ አስወጡ። የድርጅት ወይም የፓርቲ መታወቂያ፣ ፎቶ፣ የዛቻ መልእክት፣ የተቃጠለው ቤት ፎቶ፣ ያዩ ሰዎች በእጃቸው የጻፉት ምስክርነት፣ ሁሉም ይጠቅማል። መልእክቱን ስክሪን ሻት ስታደርጉ የላኪው ቁጥርና ቀኑ ይታይ። ፈቃድ ባለው አስተርጓሚ አስተርጉሙ። ስካን አድርጋችሁ ላኩ፣ ዋናውን እናንተ ጋ አቆዩ፣ ጠበቃው ሲጠይቅ ይላካል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ልጁ የሚፈራው መንግሥትን ወይም የአካባቢ ባለሥልጣንን ከሆነ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ «ልጃችን ውጭ ሀገር ጥገኝነት ስለጠየቀ የእስር ማስረጃ ስጡን» አትበሉ። ይሄን ማለት እሱንም እናንተንም ማጋለጥ ነው። ጠበቃው ሳያውቅ ምንም አትጠይቁ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይም «ወንድማችንን አድኑልን» ብላችሁ ስሙንና ፎቶውን አትለጥፉ። ጥገኝነት የጠየቀበት ሀገር ጉዳዩን ለትውልድ ሀገሩ መንገር የለበትም፤ እናንተ በገዛ እጃችሁ አትንገሩ።

ሌላው የተሠራ ወረቀት ነው። «የእስር ማዘዣ ላሠራላችሁ እችላለሁ፣ ማኅተም አለኝ» የሚል ጉዳይ ገዳይ አይጠፋም። እግሬ አውጪኝ በሉ። አንድ የተጭበረበረ ማዘዣ ከተያዘ እውነተኛው የሕክምና ወረቀትም አይታመንም። ወረቀት የሌለው እውነት ውሸት ወረቀት ካለው እውነት ይሻላል። ዩኤንኤችሲአር (የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት) ውስጥም «ሰው አለኝ» ብሎ ብር የሚቀበል ሁሉ ሌባ ነው፤ የእነሱ አገልግሎት በነጻ ነው።

6. ፊርማና ኤምባሲ

እስር ቤት ውስጥ የሚቀርብ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ «ወረቀቱ ደርሶኛል» ነው። ሌላው «በፈቃዴ እመለሳለሁ» ነው። ሁለተኛውን ሳያነብ የፈረመ ሰው ብዙ ነው፣ ከእስር ለመውጣት ብቻ ብሎ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አይኦኤም በፈቃዱ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ይረዳል፣ ጥገኝነት ግን አይሰጥም። ለመመለስ የሚፈራ ሰው ወረፋውን ተሳስቶ እዚያ እንዳይሰለፍ።

ወደ ኤምባሲው እንምጣ። ፓስፖርት የሌለውን ሰው ለመመለስ ሊሴ ፓሴ የሚባል ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋል፣ እሱን የሚሰጠው ደግሞ የሀገሩ ኤምባሲ ነው። መንግሥትን ፈርቼ ወጣሁ ያለ ሰው ቤተሰቦቹ ኤምባሲውን ደውለው ሲያሳስቡለት፣ አንደኛ መኖሪያውን ጠቆሙበት፣ ሁለተኛ ወረቀቱን አፋጠኑበት። ጥገኝነት ያገኘ ሰውም በፈቃዱ ወደ ኤምባሲው ሄዶ አዲስ ፓስፖርት ቢያወጣ «የሀገሩን ጥበቃ መልሶ አገኘ» ተብሎ ስደተኝነቱ ሊቋረጥ ይችላል። ሰርግ ልምጣ ብሎ ወደ ሀገር የሚመጣውም ይሄን ያስብበት። ፍርሃቱ ከመንግሥት ያልሆነ፣ ደመወዟን ተከልክላ ቤት ተዘግቶባት ላለች የቤት ሠራተኛ ግን ኤምባሲ ትክክለኛው በር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ፍርሃቱን መለየት የሚያስፈልገው።

7. ጠበቃውን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ

«ይግባኙ መመለሱን ያግዳል ወይ?» በቃ። በብዙ ሀገር ይግባኝ ስላላችሁ ብቻ አውሮፕላኑ አይቆምም፣ የእግድ ጥያቄ ለብቻው ይቀርባል። ይግባኙ ገብቶ እግዱ ስላልተጠየቀ የተሳፈረ ሰው አለ። ጠበቃ የመክፈል አቅም ከሌለ ነጻ የሕግ ድጋፍ መኖሩን ዩኤንኤችሲአርን ወይም እዚያ ያሉ የስደተኛ ድርጅቶችን ጠይቁ።

የሀገሩ ፍርድ ቤቶች ካለቁ ሌላ በር አለ። 46 ሀገሮች በታቀፉበት የአውሮፓ ምክር ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ስትራስቡርግ ያለው ፍርድ ቤት «ደንብ 39» በሚባለው መሠረት አስቸኳይ እግድ ሊያዝዝ ይችላል። እንግሊዝ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ሩዋንዳ ልትልክ አውሮፕላን አዘጋጅታ ሳለ እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2022 ማታ በረራው የቀረው በዚህ ነው። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2023፣ ሰዎቹ ከሩዋንዳ ወደ ሸሹበት ሀገር ሊመለሱ ይችላሉ ብሎ ዕቅዱን ሕገ ወጥ አለው። ሌላ ሀገር ዞሮ መመለስም መመለስ ነው። ጄኔቫ ያለው የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴም ሥልጣኑን የተቀበሉ ሀገሮችን «ጉዳዩን እስክናይ አትመልሱት» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ውሳኔ ቅጂ፣ የበረራው ቀንና የግል ማስረጃው በአንድ ላይ መላክ አለበት። የበረራው ዋዜማ ማታ የደረሰ ደብዳቤ አይነበብም ብላችሁ አስቡ።

8. ጅቡቲ፣ የመን፣ ሳዑዲ

ለድሬ ሰው ከስትራስቡርግ ይልቅ የጅቡቲ ድንበሯ ደወሌ ትቀርባለች። ጅቡቲ የ1951ዱን ስምምነት ፈርማለች፣ ጥገኝነት የሚመዘገበው ኦናርስ በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፣ አሊ አዴና ሆል ሆል የስደተኛ ካምፖች አሉ። አፈሳ ሲመጣ ግን ወረቀት ያለውንና የሌለውን በመንገድ ላይ የሚለይ የለም። ስለዚህ የምዝገባ ወረቀት ያለው ልጅ ፎቶውን እናንተ ጋም ያስቀምጥ። የመንም ፈርማለች፣ ጦርነቱ ግን ወረቀቱን ዋጋ አሳጥቶታል።

ሳዑዲና ሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው ባለጠጎች የ1951ዱን አልፈረሙም። ሳዑዲ የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱን ግን ተቀብላለች፣ ሪያድም የዩኤንኤችሲአር ቢሮ አለ። እውነቱን ለመናገር በሩ ጠባብ ነው። ስጋቱ እውነተኛ ከሆነ ዘመድ ለዩኤንኤችሲአር በጽሑፍ ያሳውቅ፦ ሙሉ ስም፣ የታሰረበት ቦታ፣ የሚፈራው ምን እንደሆነ በሁለት ሦስት መስመር።

9. ወደኛ የመጣውስ?

ድሬ ላኪ ብቻ አይደለችም። ከየመን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ የመጡ ሰዎች አብረውን ይኖራሉ፣ አንዳንዶቹ ለአያቶቻችን ጎረቤት የነበሩ ቤተሰቦች ናቸው። እነሱንም የሚጠብቀው ያው ሕግ ነው። በኛ ሀገር አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛን ወደ አደጋ መመለስ ይከለክላል። አዲስ የመጣ ሰው ሳይዘገይ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋ፣ እሱ ካልተገኘ በአቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ያመልክት። ቤት ያከራያችሁት ሰው ወረቀት ከሌለው «ዝም በል፣ አትታይ» ብላችሁ አትምከሩት። ያልተመዘገበ ሰው በተያዘ ቀን የሚከራከርበት ነገር የለውም። እዚህ የተወለደ ልጅ ካለውም ልደቱን ያስመዝግብ፣ መብቱ ነው።

10. ቢመልሱትስ?

በበረራው ቀን ልጁ ከፖሊስ ጋር አይታገል፣ ሌላ ክስ ይሆንበታል። በግልጽ፣ ጮክ ብሎ «ፈርቻለሁ፣ ጠበቃዬን ጥሩልኝ» ይበል። እናንተ በዚያው ሰዓት ጠበቃውን ደውሉ፣ የበረራ ቁጥሩን ስጡት።

ተሳፍሮ ከመጣ ፋይሉን አትዝጉ። አንዳንድ ኬዝ ሰውየው ከተመለሰ በኋላም ይቀጥላል። ቦሌ ላይ ማን እንደተቀበለው፣ ጥያቄ ጠይቀውት ከነበረ ምን እንዳሉት፣ ስንት ሰዓት እንዳቆዩት፣ ስልኩን ወስደውበት እንደሆነ በዚያው ምሽት ጻፉ። ቢመቱት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ካርዱን ያስቀምጥ። ለጠበቃው የምትልኩት መልእክት ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አድርጉት።